ክርና ጭቃ ሲመሰክሩ፤ ለረቂቅ ማስረጃ የጋራ መለኪያ ስለ ማስፈለጉ

(በክረምት ዕረፍት አይከል ላይ ለተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ሲሰማ ከአይከል የራቀ ይመስላል። ፎረንሲክ ሳይንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በፊልም ያየነውን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰውና የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከበሬ ነው።

ልጅ ሳለሁ በአካባቢያችን ከአንድ ገበሬ በረት ሁለት በሬዎች በሌሊት ተሰረቁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ሲነጋ በበረቱ ዙሪያ የኮንጎ ጫማ ዱካ ታየ። አንድ የጎረቤት ወጣት ኮንጎ ጫማው በጥቁር ጭቃ ተለውሶ በመገኘቱ ተያዘ። አንዱ ጭቃውን አይቶ «ይኸ የበረቱ ጭቃ ነው» አለ፤ ሌላውም «የጫማው ቅርጽ ከዱካው ጋራ ልክ ነው» አለ። ወጣቱ አራት ወር ያህል ታስሮ ከቆየ በኋላ በሬዎቹ በሌላ ሰው እጅ ተገኙና ተለቀቀ። ማን እንደ መረመረና ማን እንዳሰረ ማንሣት ዓላማዬ አይደለም፤ ሁሉም ባወቁት መጠን የሠሩ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ልጁ የታሰረው በነሐሴ፤ የተፈታው በታኅሣሥ ስለ ሆነ የዚያን ዓመት አዝመራውን በጊዜው የሚያጭድለት አላገኘም። ሁለቱ ቤተ ሰቦችም እስከ ዛሬ ድረስ በወንፈል አይጠራሩም።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው ይኸን ነው። በነሐሴ ወር በጭልጋ አገር እግሩን ጥቁር ጭቃ ያልነካው ሰው ማን አለ? ኮንጎ ጫማስ የማያደርግ ገበሬ ስንት ነው? ጭቃው በእርግጥ መስክሯል፤ ነገር ግን የመሰከረው «ክረምት ነው» ብሎ እንጂ «ሌባው ይኸ ነው» ብሎ አልነበረም።

ስለዚህ የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ክር፣ ጠጉር፣ አፈር፣ የመስተዋት ስባሪ፣ የቀለም ፍቅፋቂ፣ የተኩስ ቅንጣት፣ እነዚህ ሁሉ ሊመሰክሩ ይችላሉ። ምስክርነታቸው የሚታመነው ግን ሁሉም ወገን አስቀድሞ በተስማማበት፣ በተጻፈና ሌላ ሰው ደግሞ ሊፈትነው በሚችል መለኪያ የተመዘኑ እንደ ሆነ ነው። ያም መለኪያ የእኛን አገር ጭቃና የእኛን አገር ጋቢ ማወቅ አለበት። እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች በዚህ ንግግር «ረቂቅ ማስረጃ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1910 ሊዮን በተባለችው ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣራ ሥር በሁለት ክፍል ውስጥ የፖሊስ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ከእርሱ የተወረሰው ትምህርት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ከሌላው ላይ አንዳች ነገር ይተዋል የሚል ነው። ሌባው ከበረቱ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ከልብሱም ክር ትቶ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከዚህ እውነት እስከ ፍርድ ድረስ ረዥም መንገድ አለ። ክሩ ከማን ልብስ መጣ? መቼ መጣ? በምን መንገድ መጣ? እንደርሱ ያለ ክር በአገሩ ስንት አለ? ሎካር በሩን ከፈተልን እንጂ እነዚህን ጥያቄዎች አልመለሰልንም።

አባቶቻችንም ቢሆኑ የተሰወረውን ለማውጣት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው አውጫጭኝ፣ በሌላው አገር አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ይማማላል፤ ያየ ወይም የሰማ ሰው ስሙ እንዳይገለጥ «ወፍ ነገረኝ» እያለ ይጠቁማል። ጥፋተኛው እስኪገኝ ድረስ ሕዝቡ ከሥራው ስለሚውል ጉዳት ነበረው፤ ቢሆንም ነገሩ በአደባባይ፣ ሁሉም በሚያውቀው ደንብ ይካሄድ ነበር። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ እንደ ሰከረ ይሮጣል፤ ከገባበት ቤት ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ተሳስቶ እንደ ሆነ የሚያጣራ አልነበረም። መድኀኒቱን ያጠጣው ሰው ምን እንደ ሠራ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር። ሌባ ሻይ በመንግሥት ትእዛዝ ከቀረ ቆይቷል። እኔ የምፈራው ግን በነጭ ካፖርት ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። አንድ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ያው ነው» ቢልና እንዴት እንዳወቀው የሚጠይቀው ባይኖር፤ ከሌባ ሻዩ ልጅ በምን ይለያል? መሣሪያው ተለውጧል፤ መፈተኛው ግን አሁንም የለም ማለት ነው።

መለኪያ የጋራ ሲሆን የሚያመጣውን ለውጥ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀድሞ በገበያችን ሸማ የሚለካው በክንድ ነበር። ረዥሙ ሰው በራሱ ክንድ ሊገዛ፤ አጭሩም በራሱ ክንድ ሊሸጥ ይፈልግ ስለ ነበር ጭቅጭቁ ማለቂያ አልነበረውም። ሜትር በመጣ ጊዜ ሸማው አልረዘመም፤ ክርክሩ ግን ቀረ። ረቂቅ ማስረጃም በየባለሙያው ክንድ እስከ ተለካ ድረስ ፍርዱ እንደየክንዱ ይረዝማል፤ ያጥራል።

ይህ ችግር የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት ሁለት ጠጉር በማይክሮስኮፕ እያመሳሰሉ በፍርድ ቤት ይመሰክሩ ነበር። በኋላ የቆዩ መዝገቦች ሲመረመሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ተገለጠ። ባለሙያዎቹ ተከሳሹን የሚጎዳ ቃል ሰጥተውባቸዋል ተብለው እስከዚያ ከታዩት 268 ችሎቶች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሳይንሱ የማይደግፈው ቃል ተሰጥቶ ተገኘ። ከእነዚያ ተከሳሾች መካከል የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ነበሩ። ልብ በሉ፤ ማይክሮስኮፑ አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው ቃሉ ነው። «ይመሳሰላል» ሊባል የሚገባው «የእርሱ ነው» ወደ ማለት ተጠጋ። ማይክሮስኮፕ ሁለት ጠጉር መምሰላቸውን ያሳያል እንጂ በዓለም ላይ ሌላ የሚመስል የለም ብሎ ሊናገር አይችልም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ጂል ዳንዶ የተባለች የታወቀች የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በደጃፏ ላይ በጥይት ተገደለች። በ2001 ባሪ ጆርጅ የተባለ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በእርሱ ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች ዋናው በካፖርቱ ኪስ ውስጥ የተገኘች አንዲት የተኩስ ቅንጣት ነበረች። በ2007 ጉዳዩ እንደገና ለይግባኝ ሲቀርብ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ተጠየቁ። ሰውየው ተኩሶ ቢሆን እንዲህ ያለች አንዲት ቅንጣት የመገኘቷ ዕድል ምን ያህል ነው? ባይተኩስስ? መልሱ ሁለቱም ያው ነው የሚል ሆነ። እንግዲያውስ ቅንጣቷ ለየትኛውም ወገን አልመሰከረችም ማለት ነው። ፍርዱ ተሻረ፤ በ2008 በተደረገው አዲስ ችሎትም ሰውየው ነጻ ወጣ። አንድ ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቁ አንድ ሰው ዓመታት በእስር አሳለፈ፤ የገዳዩም ነገር እንደ ተሰወረ ቀረ።

አሁን ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። የተኩስ ቅንጣት የሚባለው ጥይት ሲፈነዳ ከእሳት ማስነሻው የሚወጣ፣ እርሳስ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ የተዋሐዱበት እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። ጠመንጃ በማይታይበት ከተማ በአንድ ሰው ልብስ ላይ ቢገኝ ያስደነግጣል። በጎንደር ደጋ ግን ሙሽራ ሲመጣ ይተኮሳል፤ ጀግና ሲሞት ይተኮሳል። የተኮሰው አጎት የወንድሙን ልጅ አቅፎ ይስማል፤ ጠመንጃው በተሰቀለበት ምሰሶ ላይ ጋቢ ይንጠለጠላል። እንግዲህ በጋቢው ላይ ቅንጣት ተገኘ ቢባል የለንደኑ መለኪያ እንዳለ ሊሠራልን ይችላልን?

ክርም እንዲሁ ነው። ነጭ ጥጥ በአውሮጳም ቢሆን ስለሚበዛ ባለሙያዎች ብዙ ዋጋ አይሰጡትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ጋቢው፣ ነጠላው፣ ኩታው፣ ቀሚሱ ሁሉ ነጭ ጥጥ ነው። ከሟች ጥፍር ሥር ነጭ የጥጥ ክር ቢገኝ ከአገሩ ሰው ማንን ነጻ ያወጣል? በአንጻሩ የጥለቱ ክር፣ በልዩ ቀለም የተነከረው፣ ብዙ ሊናገር ይችል ይሆናል። ይህን የምናውቀው ግን የትኛው ቀለም በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ መዝግበን እንደ ሆነ ነው። ጊዜም ቢሆን ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ወደ ልብስ የተላለፈ ክር ልብሱ ሳይወልቅ በቆየ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ አብዛኛው ይረግፋል። ተጠርጣሪ ከሦስት ቀን በኋላ ተይዞ ልብሱ ላይ ክር ባይገኝ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ቢገኝም መቼ እንደ ደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ኮንጎ ጫማ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ጫማዎች የሶላቸው ጌጥ አንድ ነው። ስለዚህ የጌጡ መመሳሰል ሰውን አይለይም። የሚለየው ከተገዛ በኋላ የደረሰበት ነው፤ የተበላው ተረከዝ፣ የእሾህ ጭረት፣ የተሰነጠቀው ጠርዝ። ዱካውን በመለኪያ አጠገብ ፎቶግራፍ ያላነሣ ሰው ግን ይህን ሁሉ በዝናብ ያጣዋል።

አፈር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የእኛው ነው። ጭልጋ በአንድ ዓይነት ጭቃ የተሸፈነች አገር አይደለችም። ዋልካው አለ፤ ቀይ አፈሩ አለ፤ የድንጋይ ከሰል ያለበት የሸለቆ አፈር አለ። ይህችው አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ የዝሆን ዘመዶችና የሌሎች እንስሳት ቅሪት በሳይንስ መጽሔት በታተመ ጊዜ በዓለም ታውቃለች። ሊቃውንቱ ሊታመኑ የቻሉት እያንዳንዱ አጥንት ከየትኛው የአፈር ድርብ እንደ ወጣ ስለ መዘገቡ ነው። እንግዲህ የሚሊዮን ዓመት አጥንት ያለ ቦታው መዝገብ የማይታመን ከሆነ፤ ሰው የሚታሰርበት የጫማ ጭቃ እንዴት ያለ መዝገብ ሊታመን ይችላል? ቀለሙ፣ የቅንጣቱ መጠን፣ ማዕድኑ፣ በውስጡ ያለው የአበባ ብናኝ ከተመረመረ አፈር ከአፈር ይለያል። በዓይን አይቶ «ጥቁር ነው» ማለት ግን ምርመራ አይደለም።

መዝገብ ምን ያህል ኀይል እንዳለው በአገራችንም ታይቷል። የደርግ ዘመን ወንጀሎችን ለመመርመር ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን ቆፍሮ ነበር። ከአጥንቶቹ ጋራ የናይሎን ገመድ ተገኘ። የናይሎን ገመድ በማናቸውም ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ለብቻው ቢታይ ምንም አይናገርም። ምስክር ያደረገው በአንገት አጥንት ላይ እንዳለ ሳይነካ ታይቶና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ በመውጣቱ ነው። አንድ ሰው ቸኩሎ ጎትቶት ቢሆን ኖሮ ገመድ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እንግዲህ የጋራ መለኪያ ሲባል ምን ማለት ነው? በበኩሌ አምስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፤ አሰባሰቡ አንድ ይሁን። ከስፍራው የተነሣውና ከተጠርጣሪው ልብስ የተነሣው በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ከረጢት፣ በአንድ መኪና አይገናኝ። እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ታፍኖ አይሻግት፤ ደርቆ በወረቀት ይጠቅለል። ከስፍራው ራቅ ካለ ቦታም ለማነጻጸሪያ አፈር ይወሰድ።

ሁለተኛ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይጻፍ። ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፖስታው በዚህ መንገድ ሁሉ በማን እጅ እንዳደረ ካልታወቀ ላቦራቶሪው ቢራቀቅ ምን ይጠቅማል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ሲፈትሽ የያዘውን ዕቃ በዝርዝር እንዲጽፍ፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ያዛል። መሠረቱ ስለ ተጣለ እኛ የምንጨምረው ዝርዝሩን ነው።

ሦስተኛ፤ ምርመራው ሁለት ዓይን ይኑረው። ሁለተኛው ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ይመርምር። ማን እንደ ተጠረጠረ፣ ምን እንዳመነ አይነገረው፤ አስቀድሞ የሰማ ዓይን የሰማውን ያያልና። ናሙናውም ሁሉ አይለቅ፤ ተከሳሹ በሌላ ባለሙያ ሊያስመረምር ቢፈልግ ይቀመጥለት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው ይላል። ያለቀ ናሙና ግን አይታይም።

አራተኛ፤ ቃሉ አንድ ይሁን። «አይመሳሰልም»፣ «ሊለይ አልቻለም»፣ «ይደግፋል»፣ «በብርቱ ይደግፋል» የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው በጽሑፍ ይወሰን፤ ጎንደር የተናገራቸው ባለሙያና አዋሳ የተናገራቸው ባለሙያ አንድ ነገር ማለታቸው ይታወቅ። «ያው ነው» የሚለው ቃል ከክርና ከጭቃ ምርመራ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

አምስተኛ፤ የአገሩ ልማድ ይመዝገብ። በገበያችን ስንት ዓይነት ክር፣ ስንት ዓይነት የጫማ ሶል፣ ስንት ዓይነት አፈር አለ? ይህ ካልታወቀ መመሳሰል ትርጉም የለውም።

ከእነዚህ የሚበዙት በሌላው ዓለም አስቀድመው ተጽፈዋል። የአውሮጳ ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በማኅበር ተደራጅተው ስለ ክር ብቻ የሚመክር ጉባኤ አላቸው። በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚው በ2009 ብርቱ ወቀሳ ካወጣ በኋላ በ2014 መለኪያ የሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። አይ.ኤስ.ኦ. የተባለው የዓለም የደረጃዎች ድርጅትም ከአሰባሰቡ እስከ ሪፖርቱ ድረስ የሚደርስ፣ 21043 የሚል ቁጥር ያለው ደንብ በየክፍሉ አውጥቷል። እነዚህን ተርጉመንና አስማምተን ልንወስድ እንችላለን። አምስተኛውን ግን ማንም ሊጽፍልን አይችልም። የጭልጋን አፈርና የጎንደርን ጥለት ከእኛ በቀር የሚመዘግበው የለም።

«አገራችን ድኻ ናት፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ ውድ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ውስጥ የሚበዙት የሚጠይቁት ወረቀት፣ ፖስታ፣ እስክሪብቶና ታማኝነት ነው። ያ የመንደራችን ወጣት አራት ወር የታሰረው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመጥፋቱ አልነበረም። ከጎረቤቶቹ የአሥሩን ጫማ ገልብጦ ያየ ሰው በመጥፋቱ ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ስናበዛ ወንጀለኛ ያመልጣል» ይል ይሆናል። በእኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያ ወጣት ታስሮ ሳለ እውነተኛው ሌባ በሬዎቹን ይዞ አራት ወር በነጻ ተቀምጧል። ነገሩም በበሬ ቢያበቃ መልካም ነበር። በአገራችን ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። በፍርድ ቤት ያልጠራ ነገር በሽማግሌ ካልበረደ በጠመንጃ ይጠየቃል። «ልጃችንን የገደለው እገሌ ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት የተናገረ አንድ የተሳሳተ ሪፖርት ሁለተኛ ሬሳ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ክር መለኪያ የአንድ ክር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ንግግሬን በምኞት ብቻ ልዘጋ አልፈልግም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ ወጣቶች ከክፍል ወጥተው በገጠር የሚሠሩባት ከተማ ናት። ከዚህ ስንመለስ ይህን እንድናደርግ አሳስባለሁ። እያንዳንዳችን ከየመንደራችን ከሦስት ቦታ እፍኝ አፈር በወረቀት ፖስታ ይዘን እንሂድ፤ ቦታው፣ ቀኑና የወሰደው ሰው ስም ይጻፍበት። ከየገበያው የጥለት ክር እንሰብስብ። የጫማ ሶል በመለኪያ አጠገብ ፎቶግራፍ እናንሣ። የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው መሪነት ይመርምሩት፤ የሕግ ተማሪዎች ደግሞ ባለሙያዎች በፍርድ ቤት የተጠቀሙባቸውን ቃላት ከውሳኔዎች እየለቀሙ ይዘርዝሩ። በዓመቱ መጨረሻ የምናገኘው ትንሽ ሣጥንና ትንሽ ደብተር ነው። ግን መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው በእኩልነት ሊያዩት የሚችሉት የመጀመሪያው ደብተር ይሆናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለዚያ ወጣት ንጋቱ የመጣው አዝመራው ካለፈ በኋላ ነው። እውነት መጥራቱ ላይቀር፤ እኛ የምንችለው ሌሊቱን ማሳጠር ነው።